ከጣውላው በታች

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ዓይን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ፣ በውስጡ ሌላ ዓለም የሚያሳይ መነጽር ይዞ ቆሞ አየሁ። ልጆች በየተራ ያጠልቁታል፤ አየር እየቧጠጡ ይስቃሉ። "ወንድሜ፣ ሞክረው እንጂ" አለኝ። ፈቀቅ ብዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያንን መነጽር አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ መላኩ ነው ያሳየኝ፤ አያ ነበር የምለው። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስለ እሱ ስጽፍ ቃል ይጠፋኛል። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ይማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቱ ሰው እንዲህ ካለ አዲስ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ነው። የሚያየው ውሸት መሆኑን እያወቀ ጉልበቱ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሁልጊዜ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ያኔ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል አብረን እንኖር ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለጥናቱ ወሰደኝ። መንገዱ ገና ጭቃ ነው። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ሄድን። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጣውላ ተጋድሟል። አብራው የምታጠና ሰላም የምትባል ልጅም ነበረች። ጣውላው ላይ አቆመኝና መነጽሩን አጠለቀልኝ።

ገደል። ልክ እንደ አገራችን፣ ጭጋግ ከታች የሚተኛበት።

"ከጣውላው ውረድ" አለኝ።

"አልወርድም።"

"ከሥርህ ወለል አለ። ታውቅ የለም?"

"አውቃለሁ፣ አያ። አልወርድም።"

ሰላም ሳቀች። "ምነው መላኩ፣ የገደል አገር ልጅ ነው ብለኸኝ አልነበር? የከተማዎቹ እኮ ዘለው ወረዱ።"

"ገደል የማያውቅ ነው የሚዘል" አላት።

እኛ አገር ገደል ሲያዞርህ ተቀመጥ፣ መሬቱን ዳብስ ይባላል። ተቀመጥኩ። ጣውላውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። "አይዞህ" አለኝ ወንድሜ፣ በግራዬ በኩል። ዞርኩ። ሰው የለም። ድምፁ የሚመጣው ከባዶው አየር፣ ከገደሉ በላይ ነው። ያኔ የራሴን ፍርሃት ረሳሁት።

"አያ፣ ከዚያ ውጣ።"

"ከየት?"

"ከዚያ ውጣ። በማርያም።"

መነጽሩን መንጭቄ አወለቅሁት። አያ ሲሚንቶው ላይ ቆሟል፤ ጫማው ጭቃ ነው፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ ከኪሱ ብቅ ብሏል።

"ለእኔ ነው እንዴ የፈራኸው?" አለ። ሊጽፍ ብዕሩን አነሳና ተወው። "ይኼንን ደግሞ የት አባቴ እጽፈዋለሁ?"

በተከታዩ ፋሲካ ወደ እናታችን ሲሄድ፣ የተሳፈረበት መኪና ከደባርቅ ወዲያ ካለው ቁልቁለት ገደል ገባ። እኔ ለፈተና እያጠናሁ ቀርቼ ነበር። መርዶውን ሽማግሌዎች ማለዳ ፀዳ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። ለቀብሩ ስደርስ ሣጥኑ ተዘግቷል። አላየሁትም።

የፒያሳው ወጣት ወደ ተቀመጥኩበት መጣ። "ፈራህ እንዴ? መጫወቻ እኮ ነው።"

"አዎ" አልኩት።

ማጥለቁስ ባልከፋ። የፈራሁት ማውለቁን ነው። ያን ቀን ሳወልቀው አያ ፊቴ ቆሞ ነበር።