ፊሊሞን ፎቶ ማሳመሪያ ሲመርጥ

ፊሊሞን ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ይሸጣል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ገበያው ግን ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ጥበቱ አያሳስበውም። የሚያሳስበው ፎቶ ነው። ሌላው ነጋዴ ስለ ክርና ስለ ጥለት ሲያወራ፣ እሱ የትኛው ፕሮግራም ፎቶ እንደሚያሳምር ያወራል፤ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

አመራረጡ የራሱ ሥርዓት አለው። አዲስ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ይጭናል፣ እንደጫነው ያሞግሰዋል፣ በሳምንቱ ያማዋል። አንዱ ፕሮግራም ልብስ የምታሳየዋ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሰው መስላው ጉንጯን አቀላው፣ አፍንጫዋንም አሰለከከው። ሌላው በነፃ የሚሠራ ስለነበር ስሙን ነጠላው ላይ በትልቁ ጻፈበት፤ አንዲት ደንበኛም ጽሑፉ የሌለበት ይገኝ እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀች። ፊሊሞን ይህን ሲተርክ አይስቅም።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ትልቅ ፕሮግራም አገኘ። ጉድፍ የሚባል አያስቀርም። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ መሰለች የተባሉ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ ቀሚስ የሚሆን የእጅ ሥራ በፎቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ትዕዛዙ ከተገኘ የፊሊሞን ሸማ ሠሪ ሾዴ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ሥራ አያጣም። ካልተገኘ ወደ ሌላ ነጋዴ እንደሚሄድ ሳይደብቅ ተናግሯል። ፊሊሞን ደግሞ እንደ ሾዴ ያለ እጅ ከየትም አያመጣም።

ከሾዴ ሥራዎች ምርጡን ፎቶ አነሣና ሲያጸዳው ዋለ። የፈትሉን ወፈር ቀጠን ማለት እኩል አደረገ፣ ላከው። ወይዘሮ መሰለች ደውለው ልጄን በማሽን ጨርቅ አልድርም አሉ። የእጅ ሥራ ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት አልሰሙትም።

"ልጄ፣ ዓይን አለኝ እኮ። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም።"

ዋናውን ፎቶ እንዳይልክላቸው ጠፍቷል፤ የጸዳውን ያስቀመጠው በእሱ ላይ ደርቦ ነበር። ጨርቁም ተሽጧል። ስለዚህ ሾዴ ዘንድ ሄደ። ሾዴ የጸዳውን ፎቶ አየና የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀ። የራሱ እንደሆነ ሲነገረው ደጋግሞ አየው። በጣም ወደደው።

ፊሊሞን ገና ተሠርቶ ያላለቀውን ሸማ በስልኩ አነሣ። ይኼኛው ለሾዴ አልተስማማውም፤ ከጥለቱ አጠገብ የተበጠሰ ክር የተቀጠለባት ቋጠሮ ትታያለች።

"ፊሊ፣ ይቺን አጥፋት።"

"ምን አደረገችህ?"

"ጀማሪ ታስመስለኛለች። ያን ሁሉ ፕሮግራም ለመቼ ብለህ ነው የያዝከው?"

ፊሊሞን እሺ ብሎ ወጣ። ደጅ ቆሞ የፎቶውን ብርሃን ትንሽ ጨመረ፣ ቋጠሮዋን እንዳለች ላካት።

ወይዘሮ መሰለች ሳይቆዩ ደወሉ።

"አሁን አመንኩህ። ቋጠሮዋን አየኋት። በል ለሁሉም ይሥራልን" አሉት።

ፊሊሞን ተመልሶ ገባና ትዕዛዙን ለሾዴ ነገረው፤ ምክንያቱን ግን ዋጥ አደረገው። ሾዴ አልተገረመም። ቋጠሮዋ ብትታይ ኖሮ ማን ያዝዘን ነበር አለና መወርወሪያውን አነሣ። ከዚያ የትኛው ፕሮግራም እንዲህ አጥርቶ እንዳጠፋለት ጠየቀው።

"ስልኩ ላይ ድሮም የነበረው ነው" አለ ፊሊሞን።

"ታዲያ በቃ፣ እሱን እንዳትቀይረው።"