ወረንጦ ያልነካት ብሎን

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ ከመስታወት ሳጥናቸው ኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የአባቴን ሰዓት ሲከፍቱት እንዳያበላሹብኝ ፈራሁ።

ከሰሊጥ የምታንሰውን ብሎን ግን በወረንጦ አልነኳትም። የመጥረጊያ ስንጥር ውሃ ውስጥ ነከሩና ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ አንጠልጥለው አስጠጉላት። ጠብታዋ ብሎኗን ሳብ አድርጋ ይዛት ተነሳች።

ትንፋሼን መያዜን አይተው፣ "ወረንጦ ያፈናጥርብኛል፤ ውሃ ግን እጄ ቢንቀጠቀጥም አይለቃትም" አሉኝ።

ብሎኗ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች። ሰዓቱ መምታት ጀመረ።

ካስረከቡኝ በኋላ ቁልፉ የተከፈተውን የሸሚዛቸውን እጅጌ ዘረጉልኝ።

"እስቲ ይቺን ቆልፍልኝ። ሴቷ ልጄ መቆለፍ እንዳቃተኝ ካየች ሱቄን ታዘጋኛለች።"

ቆለፍኩላቸው። ያኔ ሁለታችንም እፎይ አልን።