በዜና ሰዓት የሚደበዝዝ መብራት

ያ ስካነር ሁለት ሰው አስከፍሎኛል። ዕቃውን ራሱን በነፃ ነው ያገኘሁት፤ አንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ቤታቸውን ሲያጸዱ ከተሰበረ ቶስተር ጋር በካርቶን ሰጡኝ፣ እኔም በነፃ የመጣ ነገር መልሼ ስለማላውቅ ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት ዴንሃግ ገበያ መደቤን ስዘረጋ፣ በጅምላ ካነሳሁት አሮጌ ዕቃ ውስጥ የዚያው ዓይነት ወጣ። ጎማ አንቴና ያለው፣ የፖሊስና የታክሲ ወሬ የሚለቅም የእጅ ሬዲዮ ነው። ይሠራ እንደሆነ ብዬ ባትሪ ከትቼ ሳዞረው፣ ያ ዘይት ላይ የተጣለ ሽንኩርት የመሰለ ጩኸት ተንጫጫና ከነጃኬቴ ወስዶ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር፣ እርጥብ ካፖርትና የጎረቤት ጥብስ የሚሸተው ጠባብ ደረጃ ላይ አቆመኝ።

ዘጠናዎቹ ናቸው፤ እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ። ከስደተኛ ካምፕ ወጥቼ ማደሪያ ሳጣ ሶፋቸውን የለቀቁልኝ ጋሽ መዝገቡ ነበሩ። ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ጋሽ ግርማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለቱ ቀን ዳማ እየተጫወቱ ይሰዳደባሉ፤ ማታ ደግሞ ከውጭ አገር በአጭር ሞገድ የሚተላለፈውን የአማርኛ ዜና ለመስማት ሁላችንም ጋሽ መዝገቡ ሳሎን እንሰበሰባለን። በረንዳ ላይ ከታጠበው ልብስ ጋር አንቴናውን የዘረጉት ጋሽ ግርማ ናቸው፤ የሬዲዮ ነገር እጃቸው ላይ ነው።

ዜናው ሊጀምር ሲል ጋሽ መዝገቡ በሩን ይቆልፋሉ፣ መጋረጃውን ይዘጋሉ፣ መብራቱን ያደበዝዛሉ። በደርግ ጊዜ የውጭ ሬዲዮ የሚደመጠው እንደዚያ ነበር፤ ታላቅ ወንድማቸው አንድ ቀን መጋረጃውን ረስተው ተወስደው በዚያው ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሆላንዶች መስኮታቸውን ገላልጠው፣ ምን ያህል ድንች እንደሚበሉ ለሰፈሩ እያሳዩ እራት ይበላሉ፤ እኛ ደግሞ ትራም ብቻ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በጨለማ ተደብቀን ዜና እንሰማለን። በሳቸው ፊት የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ምሽት ጋሽ ግርማ ቢራቸውን ይዘው፣ «እኔ እኮ አገር ቤት ደመወዝ የምበላው ይሄንኑ ጣቢያ በጩኸት ለማፈን ነበር፤ ዛሬ በነፃ አጠራላችኋለሁ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ መዝገቡም ሳቁ፣ ግን ዘግይተው።

በዚያው ክረምት፣ ጋሽ መዝገቡ ለማደብዘዝ ብለው አምፖሉ ላይ የሚጥሉት ፎጣ ተቃጠለና፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ብርሃኑን በክብ ቁልፍ ዝቅ ከፍ የሚያደርጉት የቁም መብራት ገዙ፤ ከእኔ መደብ አይደለም፣ ተመስገን። ሬዲዮው ላይ ያ ጩኸት የመጣውም ያን ሰሞን ነው። ዜናው ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያልቅ ያበቃል። ጋሽ መዝገቡ ጣሪያውን እያዩ፣ «ይሄ የሰው እጅ ነው። ሙያውን አልረሳም» አሉ። ዳማው ታጠፈ። ጋሽ ግርማ ሲያንኳኩ በሩ አልተከፈተም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንኳ ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ።

እነዚያን ሁለት ሰዎች ዳማው ላይ ሲሰዳደቡ እንደገና ልስማ ብዬ ያን በነፃ ያገኘሁትን ስካነር አወጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጩኸቱ ላይ ታደርገውና ትዞራለህ፣ ወደ ምንጩ በቀረብክ ቁጥር ይብስበታል። በዜና ሰዓት ይዤው ወደ ላይ ወጣሁ። ደረጃውን በወጣሁ መጠን እየከሰመ፣ ጋሽ ግርማ በር ላይ ስደርስ ሹክሹክታ ሆነ። ሳንኳኳ ከፍተው መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ።

«አንተም?»

«ጋሼ፣ ንጹሕ መሆንዎን ላሳይልዎ ነው።»

«ግባና ፈትሽ። አልጋ ሥርም አለልህ።»

አልገባሁም፤ ግን እሳቸውን ለማጣት ማንኳኳቴ በቂ ነበር።

ታች ስመለስ ስካነሩ በር ላይ አጉረመረመ፣ ሳሎን ውስጥ ጮኸ፣ የቁም መብራቱ አጠገብ አበደ። ቁልፉን እስከ ጥግ አዞርኩት፤ ሳሎኑ ቦግ አለና የዜና አንባቢው ድምፅ አብሮን የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ገባ። ወይዘሮ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የጋሽ መዝገቡን ወንድም እስከዚያች ቀን ድረስ ሲሰውራቸው የኖረው ያ ጨለማ ራሱ ነበር የሚጮኸው፤ ይሄን ግን የማን አፍ ይናገረው!

ጋሽ መዝገቡ ቀስ ብለው ተነሥተው መብራቱን መልሰው ዝቅ አደረጉት። ጩኸቱ ተመለሰ።

«ይኸው» አሉ፣ ወደ ጣሪያው እየጠቆሙ። «መሣሪያውን ይዘህ ስትመጣ ሲያይ አጥፍቶት ነበር። አሁን ለቀቀው።»

«ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ነው! እርስዎ ራስዎ ሲያዞሩት—»

«አንተንስ ስንት ሰጠህ?»

ሶፋውን በማግስቱ ለቀቅኩ። ዓመታት ቆይቶ ገባኝ፤ የወንድማቸውን ደም የሚጠይቁት ሰው በመጨረሻ ከራሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ላይ አግኝተው ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱን ቀምቼ መብራት ላስታቅፋቸው ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ የለም።

ጋሽ ግርማ የፀደይ ወራት ሳይገባ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ሥራ አግኝተው ሄዱ። ጊዜ ካለፈ በኋላ እዚያው ሮተርዳም ትራም ላይ አግኝቻቸው ከመቀመጫዬ ተነሣሁላቸው፤ እስኪወርዱ ድረስ ቆመው መስኮቱን አዩ። ጋሽ መዝገቡ ጩኸቱን እየሰሙ አርጅተው ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ነበርኩ።

ወጪ፣ ሁለት ሰው። ገቢ የለም።