ለሚኒባሱ ያለቀሰው ደላላ

ወንድሜ በኩላሊት በሽታ በሞተ በሰልስቱ አንድ የመኪና ደላላ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። ጥሩ አድርጎ አለቀሰ። እኔ እንባ እንቢ ብሎኝ ስለነበር ቀናሁበት።

የወንድሜ ሚኒባስ ግቢው ውስጥ ነው የቆመው። የድንኳኑን አንድ ገመድ ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶመጋላ ጋር አስረነዋል። ሰውየው ግንባሩን በሩ ላይ ደፍቶ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ በጣቱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ካለ ድምፁ ይለያል። ዙሪያውን አንኳኳው። ከዚያ ሐዘኑ ጠናበት መሰለኝ፣ ተንበርክኮ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ከሥር አየ።

አልቅሶ ሲጨርስ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ቆሞ የዋለ መኪና ይበላሻል። ባዩት ቁጥርም ያምዎታል። አንድ ወረቀት ይፈርሙልኝና ዛሬውኑ ልውሰድልዎ። ስሸጠው ብሩን አመጣለሁ። ፍርድ ቤት፣ ወራሽነት ምናምን የሚሉትን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

እናቴ ሚኒባሱን አየችው። «ውሰደው ልጄ። ባላየው ይሻለኛል» አለች።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። መኪናው በአንድ ፊርማ ሊሄድ ሲሆን ግን «ቆይ... ቆይ እስቲ» አልኩ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ «ወንድሜ በምን እንደሞተ ያውቃሉ?» አልኩት።

«ያው... መኪና አይደል የጨረሰው? ምን ዓይነት ሾፌር ነበር መሰላችሁ።»

ጥግ የተቀመጡት አጎቴ ንፍሯቸውን እያኘኩ፣ «እና ስታንኳኳው የተጋጨበትን አገኘኸው?» አሉት።

ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። «አርባው ይለፍና ገዢውን ይዘህ ና» አለችው። «ወራሽነቴን አውጥቼ ራሴ እፈርማለሁ። እስከዚያ እችለዋለሁ።»

አልመጣም። እሷም እስከ አርባው ለሚኒባሱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ወራሽነቱ ከወጣ በኋላ አንድ የሽንዲ ገበሬ መካኒክ ይዞ መጣ። እንደ ጠላት ተከራከረን፤ ተስማማን። መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ የመኪናው ስም ሊዛወር ሲል፣ ብሩ ባንክ መግባቱን አረጋግጬ ለእናቴ ነገርኳት። ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ገዢው ዞር አለች።

«ሁለተኛ ማርሹ ያስቸግራል። ልጄም እየተሳደበ ነው የሚያስገባው።»