ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለችው ዲን

የእኔ ሥራ ጥረዛ ነው። መጽሐፍም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተገነጣጠለውን ሁሉ እጠርዛለሁ። እሷ ደግሞ ፎቶኮፒ ታደርጋለች። ሁለታችንም የምንሠራው ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሷ በር በኩል፣ እኔ ከጀርባዋ። ማሽኗ ሲግል እኔን ያልበኛል፣ ሙጫዬ ሲሸት እሷን ያስነጥሳታል። እንዲህ እንደሆንን አስራ አንድ ዓመት ሆነን።

የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ግን «ዲኗ» ነው የሚሏት። እኔ እትዬ እላታለሁ። መጀመሪያ አንቱ ስላት «ገና አንድም ጥርሴ አልወለቀም» ብላ ስለተቆጣችኝ፣ ይኸው እስከዛሬ አንቺ ነው የምላት።

እትዬ ማሽኑ ላይ ያስተኛችውን ወረቀት ሳታነብ አትመልስም። ባለወረቀቱ ስልኩን ሲጎረጉር እሷ ታነባለች።

«የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር አይደለም ወይ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ኮፒው መደብዘዙን ሳላነበው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የእህቴ ልጅ እዚህ ኮሌጅ ገባች። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። እህቴ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ሚጡ ፋርማሲ መማር ትፈልጋለች፣ እዚህ ደግሞ ፋርማሲ የለም። ስለዚህ ሐሳቧ አንደኛ ዓመትን እዚህ ተምራ፣ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውራ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለመግባት ነበር። የወሰደቻቸው ዋና ዋና ኮርሶች እዚያ ካልተቆጠሩላት ግን እንደገና ከአንድ መጀመሯ ነው።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሚጡ በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጣች። የኮርስ መመዝገቢያ ቅጽ መቀበል የሚያቆመው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይሄን አንድ ኮፒ አድርጊልኝ፤ አስገብቼው ልገላገል።»

እትዬ ቅጹን መስታወቱ ላይ አስተኛችው። ክዳኑን ግን አልዘጋችውም።

«ፋርማሲ ነው ያልሽኝ አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ኬሚስትሪ ብለሽ ሞልተሻል። ላብራቶሪው የታለ?»

ሚጡ ሳቀች። «ላቡ እኮ ለብቻው ነው የሚመዘገበው፣ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። ዓርብ ከሰዓት ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ጋር ይጋጭብኛል። ክላሱን አሁን ወስጄ ላቡን ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ። ደግሞ ላብ ግሬድ ያወርዳል ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ሲኒየሮች።»

«የትኞቹ ሲኒየሮች? የተዘዋወሩት ናቸው ወይስ እዚሁ የቀሩት?»

ሚጡ ልጅነቷ መጣና «ለመሆኑ እትዬ፣ ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ?» አለቻት። እኔ በሐፍረት ሙጫውን ጣቴ ላይ ቀባሁት።

እትዬ ግን አልተቀየመችም። «እኔማ ምኑን አውቄው! ከውሃና ከሳሙና ያለፈ ኬሚስትሪ አላውቅም። አቤቱታ ግን አውቃለሁ። ኬሚስትሪዬ አልተቆጠረልኝም የሚል አቤቱታ ኮፒ ያደረጉ አምና ብቻ አራት ልጆች ናቸው። የአራቱንም ውጤት አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ጋ ላብ የለም። ከነላቡ ወስዶ እዚህ የሚያለቅስ ልጅ ግን እስከዛሬ አላየሁም።»

እኔ ገረመኝ። እነዚያን ወረቀቶች የጠረዝኳቸው እኔ ነኝ። ግን እኔ የማየው ዳር ዳሩን ነው።

«በሌላ ምክንያት ይሆናል የተከለከሉት» አለች ሚጡ። «አማካሪያችንን ጠይቄዋለሁ፣ ይቻላል ብሎኛል።»

«ይሆናል። እኔም ብሆን የማውቀው የወደቁትን ነው፣ ስለዚህ እኔን አትመኚኝ። ግን የሸኚ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል? በሩን የሚከፍትልሽ ተቀባዩ ነው። እሱን ጠይቂው።»

ከተበላሹት ኮፒዎች መሐል አገላብጣ፣ የዩኒቨርሲቲው ማኅተምና ስልክ ያለበትን ቁራጭ አወጣች። ደወሉ። አይነሳም። እንደገና ደወሉ፣ ተይዟል። ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሊያውቁ ነው መሰለኝ አንዳቸውም አልሄዱም። ስምንት ሰዓት አልፎ አንድ ሰውዬ አነሳ። እትዬ ስልኩን ድምጹ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«ሬጅስትራር።»

ያቺ አፈኛ ልጅ ድምጿ የድመት ሆነ። ተንተባትባ ጠየቀችው።

«ላብ የሌለው ኬሚስትሪ አይቆጠርም» አላት ሰውዬው። «ክላሱንና ላቡን በአንድ ሴሚስተር ነው የምትወስጂው።»

እትዬ ክርኗን ጎሸም አደረገቻት። «ሂሳቡንም ጠይቂው! የትኛውን ሂሳብ በይው!»

«ካልኩለስ ነው የምንቀበለው» አለ። «ጠቅላላ ሂሳብ የሚባለውን ለፋርማሲ አንቆጥርም። የኮርሱን አውትላይን ደግሞ እንዳትጥይ፣ ከውጤትሽ ጋር እናየዋለን። ማናት ከኋላ የምታንሾካሹከው?»

«ዲናችን ናት» አለች ሚጡ ደንግጣ።

«ዲን አጠገብሽ ካለች እኔን ምን አስጠየቀሽ?»

በር ላይ የቆሙት በሳቅ ፈነዱ። እትዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሚጡ ግን ቅጹን እያየች ነበር። ጠቅላላ ሂሳብ ብላ ነበር የሞላችው።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። ላቡን ለመያዝ እንግሊዝኛውን ማዛወር ነበረባት፤ ክፍት የተገኘው ደግሞ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማንም የማይፈልገው ነው። ሚጡ እንቅልፍ ከሰው አስበልጣ የምትወድ ልጅ ናት። አማካሪውን ከስብሰባ አስጠርታ አስፈረመችው። አስራ አንድ ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ላይ ኬሚስትሪ ከነላቡ፣ ካልኩለስና የሰኞው እንግሊዝኛ ያለበትን ቅጽ አምጥታ መስታወቱ ላይ ራሷ አስተኛችው።

ዓመቱ ግን ቀላል አልነበረም። ካልኩለሱ አስለቀሳት። በላቡ የመጀመሪያ ፈተና ከክፍሉ መጨረሻ ሆነች። «ዲኗ ናት ጉድ ያደረገችኝ፣ ቀላል ቀላሉን ወስጄ ቢሆን ኖሮ!» እያለች እቤት ስትነጫነጭ እኔም ፈራሁ። ግሬዷ ወርዶ ብትከለከል ለእህቴ ምን እላታለሁ?

«አንቺ አትፈሪም?» አልኳት እትዬን።

«እፈራለሁ እንጂ። የሰው ልጅ እኮ ናት። ደግሞ ምን ብለው እንደሚመልሱላት ለማወቅ እንዴት እንደቸኮልኩ!»

የዩኒቨርሲቲው መልስ በዓመቱ መጣ። ሚጡ ፖስታውን እቤት አልከፈተችውም፣ ይዛው ወደ እኛ መጣች። ከፍታ አንብባ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትዘል ወንበሬን ገለበጠችው። ተቀብለዋታል። ሁለተኛ ዓመት ትገባለች። ኬሚስትሪውም ከነላቡ፣ ያ መከረኛ ካልኩለስም ተቆጥሮላታል። እኔ ለእህቴ ልደውል ስልኬን ብፈልግ ብፈልግ እንባዬ አላሳየኝ አለ።

እትዬ ደብዳቤውን መስታወቱ ላይ አስተኝታ ታነባለች።

«ከዘጠኙ ኮርስሽ ስምንቱን ነው የቆጠሩልሽ» አለች። «ስፖርቱን ትተውታል። ለምን?»

«እትዬ ደግሞ! ስፖርት ምን ያደርግልኛል? አለፍኩ እኮ!»

«አንቺማ እሰየው፣ አለፍሽ። ነገ ስፖርት ሞልታ የምትመጣዋን ምን ልበላት?»

ሚጡ በሳቅ እያየቻት ትከሻዋን አቅፋ ሳመቻት። እትዬ በአንድ እጇ እያቀፈቻት በሌላው ስልኳን አነሳች። ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል።

«ሄሎ፣ ሬጅስትራር ነው?» አለች ድምጿን አሳምራ። «አይ፣ ተማሪ አይደለሁም። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነው።»