ሦስተኛው ዲያቆን

ዛሬም ዲያቆን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተንሥኡ ለጸሎት» ባለ ቁጥር ጆሮዬ የሚሰማው የወንድሜን የግርማን ድምፅ ነው። በልጅነቴ፣ ሰርቦ ውስጥ፣ ያ ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ በአንድነት ተነሥቶ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይል ነበር፤ እናቴ ከሁሉ ቀድማ ትነሣ ነበር። «ለብቻ የጸለዩት ለራስ ነው፣ የማኅበር ጸሎት ግን አገር ያቆማል» ትለን ነበር። ወይ አገር!

ቅዳሴ ከአምስት ባነሰ አገልጋይ አይቆምም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። እኛ ጥቂት ክርስቲያኖች ስለነበርን ያሉን ዲያቆናት ጢም ያላበቀሉ ሁለት ልጆችና ግርማ ብቻ ነበሩ፤ እሱ ከቀረ ሕዝቡ ሳያስቀድስ ይመለስ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። የቀበሌ ጠባቂዎች ወጣቱን ከገበያም ከአልጋም እየለቀሙ ይወስዱ ጀመር። ጎረቤታችን አባ ፊጣ፣ ሙስሊም የቡና ገበሬ፣ ግርማን ቡናው ውስጥ ካለች ጎጆ ደበቀልን፤ እኔ ታናሽ እህቱም ቡና ለቃሚ መስዬ ምሳውን በቅርጫት አደርስለት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ያለ ቅዳሴ ቀረች።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ከቄሶቹ አንዱ ቤታችን መጥተው እናቴን፣ «አስካለ ልጄ፣ የመልአኩ በዓል ያለ ቅዳሴ ሊውል ነው እኮ» አሏት። እናቴ አለቀሰች፤ አልቅሳም ወሰነች። አባ ፊጣ «ኢንታኡ! አይሆንም የግርማ እናት! አላህ እንደሆነ ከቡናው ውስጥም ይሰማዋል» ቢላት፣ «ሚካኤል ይጠብቀዋል» ብላ ራሷ ሄዳ አመጣችው።

ተቀደሰ። ግርማ እንዴት አምሮበት ነበር! ጠባቂዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ጸሎት አላቋረጡም፤ ጠመንጃቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ጠበቁ። ግርማ ራሱ «እትዉ በሰላም»፣ በሰላም ግቡ ብሎ ሕዝቡን አሰናበተ፤ ከዚያ ልብሰ ተክህኖውን አስወልቀው መኪና ላይ ጫኑት። ሲቀድስ በአንድ አፍ ሲመልስለት የዋለው ሕዝብ፣ ያኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በሩን እየተሳለመ ተበተነ። እናቴ ብቻ እየጮኸች መኪናውን ስትከተል አንዱ ጠባቂ፣ «ያመጡት እርስዎ፣ አሁን ምን ያስለቅስዎታል?» አላት።

ግርማ ከሰሜን አልተመለሰም። በሚቀጥለው እሑድም ቅዳሴ አልነበረም፤ ዲያቆን ጎደለ ተባለ።

ዛሬ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሞልቶ ተርፏል፣ ድምፅ ማጉያም ገብቷል። እናቴ እሑድ እሑድ አትቀርም፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል ግን ሁሉም ይነሣል፣ እሷ እንደተቀመጠች ትቀራለች። ሴቶቹ «እርጅና ነው፣ ጉልበቷን ነው» እያሉ ያዝኑላታል። ጉልበቷስ ደህና ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳታርፍ ነው የምትወጣው።