ገርጣ ቅጠል፣ ሐምራዊ ግንድ

በዘር ጣቢያው ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ወረንጦ ከእጇ ስላልተለየ እሷም «ወረንጦ» ተብላ ቀረች። ሥራዋ ቲማቲም ማዳቀል ነው። ያልፈነዳውን እምቡጥ ከፍታ የወንዴውን ክፍል ነቅላ ታወጣለች፤ ከሌላ ተክል ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ሴቴው ላይ ትቀባለች፤ በወረቀት ከረጢት ትሸፍንና የእናትየዋንና የአባትየውን ዘር ጽፋ ታንጠለጥላለች። ከወንዴው ቅንጣት ከቀረ አበባዋ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ የወራት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል። ከልጇ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ዓይኑ የደከመ አዳቃይ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል፤ እዚያ የገባ ሰው ከረጢት ሲያጥፍ ያረጃል እንጂ አበባ አይነካም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ወንዴውን ከነቀለች በኋላ እምቡጡን በታችኛው ከንፈሯ ትነካዋለች። የቀረ ነገር ካለ ይሻክራታል።

«ደግሞ አበባ መሳም ጀመርሽ?» ይላታል ችግኝ ቆጣሪው፣ የብዙ ዘመን ባልደረባዋ።

«ምን ላድርግ፣ አንተን እንዳልስም ጢምህ ይዋጋል!»

አንድ ቀን ጠዋት ግን ቆጣሪው አልቀለደም። ተክሎቹ በሚያድጉበት መስተዋት ቤት በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል።

«ዶክተሩ ይፈልጉሻል። ነገሩ ደስ አይልም።»

ወረንጦዋን ኪሷ ከታ ተከተለችው።

ዶክተሩ፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ አይጮህም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ጠረጴዛው ላይ የቡቃያ ሳጥኖች ተደርድረዋል። በቀኝ ያሉት አረንጓዴ ናቸው። በግራ ያሉት የታማሚ ፊት መስለው ገርጥተዋል።

«እትዬ፣ ገርጣውን ዘር ከአረንጓዴው ጋር አዳቀልን፤ አንዴ እናት አድርገን፣ አንዴ አባት። ገርጣነት የሚሸነፍ ባሕርይ ነው ብለናል። እንግዲያው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉ አረንጓዴ መሆን ነበረባቸው።»

«አባታቸው ገርጣ የሆነባቸው አረንጓዴ ወጥተዋል፤ እናታቸው ገርጣ የሆነችባቸው ግን ሁለት መቶ አርባውም ገርጥተዋል» አለ ቆጣሪው መሬት መሬት እያየ።

«የሚታየኝ ምክንያት አንድ ነው። ወንዴው በደንብ አልተነቀለም፤ እናቶቹ ራሳቸውን አዳቅለዋል።» ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። «ዓይንዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች።

«እስኪ እስከ ከሰዓት ያስቡበት።»

ብቻዋን ከሳጥኖቹ ጋር ቀረች። ከንፈሬም ከዳኝ ማለት ነው? እናቷ ትዝ አለቻት፤ በስተርጅናዋ ዓይኗ ጠፍቶ ውኃውን ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ እየቀዳች፣ ሞልቷል ብላ የምታስቀምጠው። ጥፋቷን በቅርበት ልታየው ፈልጋ አንዱን ገርጣ ቡቃያ ነቀለችና ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችው።

ግንዱ ሐምራዊ ነው።

ሌላ ነቀለች። ሐምራዊ። ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም። የገርጣዋ እናት ግንድ ሣር የመሰለ አረንጓዴ መሆኑን ሃያ ዓመት ታውቀዋለች። ሐምራዊ ግንድ ያለው አባትየው ነው። ቢሆንም አንድ ዓይኗን ማመን ፈርታ ቆጣሪውን ጠራችው።

«አንተ፣ ና እስኪ! ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ሐምራዊ ነዋ! ምን ነካሽ?»

«የእናትየዋስ ግንድ?»

«አረንጓ...» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ዶክተሩን ሊጠራ ሮጠ።

ዶክተሩ ሠላሳ ያህል ቡቃያ በማጉያ መስተዋት አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሐምራዊው ከአባት እንጂ ከሌላ አይመጣም። ስለዚህ ተዳቅለዋል። የቅጠሉ ቀለም ግን አባቱን አልሰማም።» ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። «ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ዘረመል ከሁለቱም ወላጅ ይመጣል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርጉት ቅንጣቶች ግን ከኒውክሊየሱ ውጪ ናቸው፤ የራሳቸው ዘረመል አላቸው። እነሱን ልጅ የሚያገኘው ከእናቱ እንቁላል ነው፤ የአባት ዱቄት አያመጣቸውም። ገርጣነቱ ያለው እዚያ ነው። ግምቱን የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። አሁን በአምስት መቶ አበባ እንደገና እናረጋግጠው። ከእርስዎ እጅ በቀር አላምንም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ይልቁንም ፍርሃቱ ባሰባት። ዝም ካለች ማንም አያውቅም። ከአምስት መቶው አሥሩን ብትስት ግን ይህ ሁሉ እውነት በእሷ እጅ ይበላሻል።

«ዶክተር፣ ጠዋት ዋሽቻለሁ። ግራ ዓይኔ አያይም።»

ቆጣሪው ኮፍያውን አወለቀ።

«ታዲያ ወንዴው መነቀሉን በምን ያውቃሉ?»

«በከንፈሬ።»

ዶክተሩ ከደጅ አሥር እምቡጥ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣ። «ያሳዩኝ» አለ።

ወረንጦዋን ከኪሷ አወጣች። ነቀለች፣ ከንፈሯን አስነካች፣ አቀበለችው። እሱ በማጉያ እያየ አንድ በአንድ አስቀመጠ። ዘጠነኛው ላይ ቆም አለች።

«ይሄኛው ቀርቶበታል።»

ዶክተሩ ወስዶ አየው፤ አገላብጦ ደግሞ አየው። ከሥሩ ላይ ፀጉር የምታህል ቅሪት ነበረች።

«ነገ ይጀምራሉ» አለ በመጨረሻ። «እያንዳንዱን አበባ ቆጣሪው ከኋላዎ በማጉያ ያየዋል። የቀኝ ዓይንዎን ነገር ደግሞ በየወሩ ይነግሩኛል። እንዳይዋሹኝ።»

«አልዋሽም» አለች።

ወደ ቤቷ ስትሄድ የመንገዱ ማዶ ላይ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ግራ ዓይኗን ከድና አነበበችው። ሁሉም ፊደል በቦታው አለ። ጥቂት ራመድ ብላ ቆመችና እንደገና አነበበችው።